ዝግባ ያልሆነው ዝግባ፦ ለእባብ ስለሚጎዘጎዝ የእንጨት ፍቅፋቂ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሰውን ፍርሃት የሚናገር ነው። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን የነገሩን ግልባጭ ነው፤ ይኸውም እባብ ራሱ ከእንጨት መሸሽ የሚገባው ጊዜ መኖሩን ነው። ይህን አርእስት ያየ ጓደኛዬ ሁሉ «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪን ከእባብና ከእንጨት ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ እንደሚሥቅ ዐውቃለሁ። ቢሥቅ አልቀየመውም። እኔም ነገሩ በስልክ መጥቶ ፍርድ ስጥ እስክባል ድረስ እንደ እርሱ እሥቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሰጠሁት ፍርድ የተሳሳተ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ስሕተቴንም ከስሕተቴ የተማርሁትንም ለጓደኞቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አክስቴ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የ13 ዓመት ልጃቸው ውሻ ወይም ድመት ማሳደጉን ትቶ እባብ ያሳድጋል። እባቡ በእንግሊዝኛ «ኮርን ስኔክ»፥ ማለት የበቆሎ እባብ የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት እባብ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተወላጅ ሲሆን መርዝ የለውም፤ ሲያድግ ርዝመቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ በደንብ ከተያዘም ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በአፈ ታሪካችን እንደሚነገረው እንደ አርዌ ሕዝብ የሚያስገብር አይደለም፤ ግብሩ በሳምንት ወይም በ10 ቀን አንዲት አይጥ ናት።

አክስቴ እባቡን ከቤት ለማስወጣት ብዙ ታግለው ተሸነፉ። ሲሸነፉም «እንግዲያውስ ሳጥኑ አይሽተትብኝ» ብለው ከገበያ «ሲደር» እየተባለ የሚሸጠውን የእንጨት ፍቅፋቂ፥ ማለት አናጢ ሳንቃ በመላጊያ ሲልግ የሚወድቀውን ስስ ቅራፊ፥ አንድ ከረጢት ገዝተው እባቡ በሚኖርበት የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ጎዘጎዙለት። ከረጢቱ ሲከፈት የወጣው ሽታ በልጅነታቸው የሚያውቁትን የደብር ቅጥር አስታወሳቸው። «ቤቴ ደብር ደብር ሸተተኝ፤ ጥድ ጥድ አለኝ» ብለው ደስታቸውን በስልክ ነገሩኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ እባቡ መብላት ተወ። ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፥ አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ጀመር፤ በአፍንጫው ቀዳዳም ትንንሽ አረፋ ታየበት። ልጁ እባብ ከሚያሳድጉ ጓደኞቹ «ሲደር ለእባብ አይሆንም» ሲሉ ሰምቶ ነበርና ፍቅፋቂው ይጣል አለ። አክስቴ ደግሞ «በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚተከል ዛፍ ማንን ገድሎ ያውቃል!» አሉ። እናትና ልጅ ሳይስማሙ ቀሩና ዳኛ አድርገው የመረጡት እኔን ሆነ። «ጋሼ፥ አንተ ዩኒቨርሲቲ ነህ፤ እውነቱን አንተ ንገራት» አለኝ ልጁ።

እኔም እንደ ተማሪ ወግ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። «ሲደር» ለሚለው ቃል ያገኘሁት ትርጓሜ ዝግባ የሚል ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችንም በአማርኛው የሊባኖስን ዛፍ ዝግባ ይለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የዝግባ ሳንቃ ደግሞ ሙጫ የሌለው፥ ሽታውም እምብዛም የማይታወቅ እንጨት ነው። ስለዚህ «አክስቴ፥ ጥድ መስሎዎት ነው እንጂ ዝግባ ነው፤ ዝግባም ጉዳት የለውም፤ ይቆይ» ብዬ ፈረድሁ። እባቡም በፍርዴ መሠረት አራት ቀን ሙሉ በዚያው ጉዝጓዝ ላይ ተኛ።

በአምስተኛው ቀን ነገሩን በምግብ አዳራሽ ለአንድ የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛዬ ሳጫውተው «የትኛው ሲደር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አልገባኝም። «በከረጢቱ ላይ የላቲን ስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ ልጁን ጠይቀው» አለኝ። ልጁም በትንንሽ ፊደል የታተመውን አንብቦ «ጁኒፐረስ ቨርጂኒያና» ብሎ ነገረኝ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ያገራችን ጥድ የሳይንስ ስሙ «ጁኒፐረስ ፕሮሴራ» ነው። ሁለቱ ዛፎች የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። እንግዲህ አክስቴ በአፍንጫቸው ብቻ ዛፉን ከነዘሩ ለይተውት ሳለ፥ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ሳትሁት ማለት ነው።

የሐኪሙንና የእባቡን ነገር በመጨረሻ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። በእንግሊዝኛ ሲደር የሚለው ስም ቢያንስ ለሦስት የተለያዩ ዛፎች ይሰጣል። አንደኛው በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው፥ በግዕዝ አርዘ ሊባኖስ የምንለው ነው። ሁለተኛው በምሥራቅ አሜሪካ የሚበቅለው «ቀይ ሲደር» ሲሆን፥ ከላይ እንዳልሁት በእውነቱ የጥድ ወገን ነው። ሦስተኛው በአሜሪካና በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የሚበቅለው «የምዕራብ ቀይ ሲደር» ነው፤ የሳይንስ ስሙም ቱያ ፕሊካታ ይባላል። የኛ ዝግባ ከሦስቱም ውጭ ነው፤ የሚመደበውም በፖዶካርፐስ ቤተ ሰብ ነው። በአማርኛ ለአርዘ ሊባኖስ የዝግባን ስም መስጠት ለንባብና ለስብከት ጉዳት የለውም። ጉዝጓዝ ለሚመርጥ ሰው ግን ስምን በስም መተርጐም ገደል ነው። ያገራችንን ጥድ ራሱ የእንጨት ነጋዴዎች በእንግሊዝኛ «የምሥራቅ አፍሪካ የእርሳስ ሲደር» ይሉታል። በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ እርሳስ በብዛት ይሠራ የነበረው ከዚያው ከቀይ ሲደር ስለ ነበር፥ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ለሰው እንዲህ ደስ የሚል ሽታ ለእባብ ስለ ምን ይከፋል?

ጥድን ጥድ ያደረገው በውስጠኛው ቀይ እንጨቱ ያለው ቅባት ነው። ምስጥ የማይደፍረው፥ ለአጥርና ለምሰሶም የሚመረጠው ስለዚህ ነው። አሜሪካኖችም የሱፍ ልብሳቸውን ብል እንዳይበላባቸው በቀይ ሲደር ሣጥን ያስቀምጡታል። ዛፉ ይህን ቅባት ያዘጋጀው ለእኛ አፍንጫ ብሎ አይደለም፤ የሚበላውን ለማባረር ነው። ቅባቱ በቀላሉ ተን ይሆናል፤ እኛ ሽታ የምንለውም ይኸው ተን ነው። ሽታ ማለት የነገሩ ምልክት ብቻ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ወደ አፍንጫችንና ወደ ሳንባችን ሲገባ ማለት ነው። ጉንፋን ሲይዘን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን የምንታጠነው ይህንኑ ስለምናውቅ አይደለምን? ነገር ግን ታጥነን ስንጨርስ ጋቢውን ገልጠን እንወጣለን። በጥድ የተከበበ ደብር የሚሳለም ሰውም ሽታውን የሚያገኘው ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ነው።

እባቡ ግን ጋቢውን ገልጦ የሚወጣበት መንገድ የለውም። የሚኖረው በተከደነ የመስተዋት ሳጥን ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጡር ስለ ሆነ ሳጥኑ በመብራት ወይም ከሥር በሚሆን ማሞቂያ ይሞቃል፤ የበቆሎ እባብ በሞቃቱ በኩል ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ሙቀቱም ከፍቅፋቂው የሚወጣውን ተን ያበዛዋል። ከዚህ በላይ እባብ የሚኖረው ጉዝጓዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ጉዝጓዙ ውስጥ ነው። አፍንጫው ከእንጨቱ አንድ ጣት አይርቅም፤ ሆዱ ቀንና ሌሊት በላዩ ይሳባል፤ ምላሱን ባወጣ ቁጥር ሽታውን ለቅሞ በላንቃው ላይ ወዳለው የማሽተቻ ሕዋስ ይወስደዋል።

የሳንባው አሠራርም አያግዘውም። የበቆሎ እባብ የሚሠራ ሳንባው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የቀኙ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው፥ እኛ ስናስል የሚረዳን ጡንቻ የለውም። ስለዚህ አክታ ወይም አቧራ ሲገባበት እንደኛ ስሎ ማውጣት አይችልም። የሚጮኽበትም ድምፅ የለውም። ሕመሙን የሚናገረው ምግብ በመተው፥ አፉን ከፍቶ በመተንፈስና በአፍንጫው አረፋ በማሳየት ነው። ይህ ሲታይ ደግሞ ሕመሙ ቈይቷል ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ግምት ነው እንጂ ማስረጃው የታለ?» የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክል ጠየቀ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ኤሊዮት ቬሴል የተባለ ሐኪም «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ሙከራ አውጥቶ ነበር። አይጦች በቀይ ሲደርና በሁለት ዓይነት ፓይን ፍቅፋቂ ላይ ሲቀመጡ፥ በጉበታቸው ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩት ኤንዛይሞች ሥራቸው ጨመረ። ስለዚህም የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሰጣቸው ቶሎ ነቁ። ቢች፥ በርችና ሜፕል ከሚባሉት ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች በተሠራ ጉዝጓዝ ላይ የነበሩት ግን እንዲህ አልሆኑም። ልብ በሉ፤ አይጦቹ ያንን እንጨት እንደ መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ የተኙበት ብቻ ነው። ነገሩ ግን እስከ ጉበታቸው ዘልቆ ሥራውን ለወጠ። ሙከራው በአይጥ ላይ እንጂ በእባብ ላይ አልነበረም። ቢሆንም እባብም ጉበት ያለው፥ እንዲያውም ከአይጥ ይልቅ በጉዝጓዙ ተቀብሮ የሚውል እንስሳ ስለ ሆነ፥ እስኪታመም መጠበቅ ዕውቀት አይደለም።

ሰውም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምዕራብ ቀይ ሲደርን የሚሰነጥቁ የመጋዝ ቤት ሠራተኞች ከእንጨቱ አቧራ የተነሣ አስም እንደሚይዛቸው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ለዚህ ምክንያቱ በእንጨቱ ውስጥ የሚገኝ ፕሊካቲክ አሲድ የተባለ ነገር ነው። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እባቡ ግን ቤቱ ራሱ መጋዝ ቤት ሆነበት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጎዝጎዝ? በአሜሪካና በአውሮፓ እንደ በቆሎ እባብ ደረቅ ቦታ ለሚወዱ እባቦች በብዛት የሚመረጠው አስፐን የተባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ነው። ይህ ዛፍ በየወንዛችን ዳር ከምናየው ከአኻያ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ነው። ሙጫ የለውም፤ ሽታውም እምብዛም ነው። ፍቅፋቂው ሲነጠፍ ውስጥ ለውስጥ ቀዳዳ ስለሚይዝ እባቡ ዋሻ እየሠራ ይደበቅበታል፤ ይህም ለእባብ ትልቅ ዕረፍት ነው። ፓይን የተባለውን በተመለከተ፥ በምድጃ የደረቀው ተኑ ስለሚቀንስ ካልደረቀው ይሻላል፤ ነገር ግን አስፐን እያለ እርሱን መምረጥ አስፈላጊ አይመስለኝም። ፓይንንም በአማርኛ ጥድ የሚሉት ሰዎች ስላሉ እዚህም ላይ ስሙ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ነው።

አስፐንም ቢሆን ለሁሉ እባብ አይሆንም። ውሃ ሲነካው ይሻግታል፤ የሻገተ ጉዝጓዝ ደግሞ ለሳንባ ከሲደር የማይሻል ጠላት ነው። ስለዚህ እንደ ምዕራብ አፍሪካው «ቦል ፓይቶን» እርጥበት ያለው አየር ለሚፈልግ ዘንዶ የኮኮናት ልጣጭ ወይም አሜሪካኖች ሳይፕረስ የሚሉትን የተከተፈ እንጨት ይመርጡለታል። እዚህም ሌላ የስም ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ለዚህ የሚሸጠው ሳይፕረስ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ታክሶዲየም የተባለ ዛፍ ነው። በአገራችን በየትምህርት ቤቱና በየመንገዱ ዳር የተተከለው፥ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድም በእንግሊዝኛ ሳይፕረስ ይባላል፤ እርሱ ግን ቅጠሉም እንጨቱም የሚሸት ሌላ ዛፍ ነው። «ሳይፕረስ ይሆናል» የሚል ምክር ሰምቶ የፈረንጅ ጥድ የሚጎዘጉዝ ሰው እኔ የሠራሁትን ስሕተት በሌላ በር ገብቶ ሠራው ማለት ነው።

ፍቅፋቂ ሲገዛ ወይም ሲቀበል ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ የዛፉን ስም በላቲን መጠየቅ። ስሙን የማይናገር ከረጢት፥ ወይም «ልዩ ልዩ እንጨት» ብቻ የሚል፥ ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ሽታውን መፈተን። አንድ እፍኝ በብልቃጥ አድርጎ ከድኖ ሞቅ ባለ ቦታ ማሳደርና በማግሥቱ ከፍቶ ማሽተት ነው። ብልቃጡ ለአፍንጫ ጠንከር ያለ ሽታ ከሰጠ፥ የእባቡም ሳጥን እንደዚያው ብልቃጥ መሆኑን ማሰብ ነው። ሽቶ የተጨመረበት ጉዝጓዝም በዚሁ ሕግ ይወድቃል።

ሦስተኛ፥ አቧራውን ማየት። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቂት ማራገፍ ነው። ጨርቁ ከነጣ፥ ያ ዱቄት ወደ ሳንባ የሚገባ ነው። ሰጋቱራ ለዚህ አይሆንም፤ የሚፈለገው በመላጊያ የወጣው ስስ ፍቅፋቂ ነው።

አራተኛ፥ የመጣበትን ማወቅ። ከአናጢ ቤት ወለል የተጠረገ ከሆነ የጥዱም የኮምፔንሳቶውም የቺፑዱም ትራፊ ተደባልቆ ይሆናል። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ ሙጫ አለባቸው፤ ቫርኒሽ የተቀባና ለምስጥ መድኃኒት የተነከረ እንጨትም አለ። ምስማርም አይጠፋም።

አምስተኛ፥ ከተጎዘጎዘ በኋላ መጠበቅ። የቆሸሸውን ዕለት በዕለት ማንሣት፥ ሁሉንም በየጊዜው መለወጥ፥ የውሃውን ሣሕን እንዳይፈስስ አድርጎ ማስቀመጥ፥ መብራቱን ከደረቁ እንጨት ማራቅ ያስፈልጋል። ምግቡን በሣሕን ላይ ወይም ባዶ ቦታ ላይ መስጠት ነው፤ እባብ ሲውጥ ከምግቡ ጋር የተጣበቀውን ፍቅፋቂ መለየት አይችልምና አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል።

ይህ ሁሉ የበዛበት ሰው፥ ወይም እባቡ የታመመበት፥ ጋዜጣ ማንጠፍ ይበቃዋል። ጋዜጣ አያምርም፤ ነገር ግን አይሸትም፥ አይቦንም፥ ሲቆሸሽም ወዲያው ይታያል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ አንብበህ ከጫካ እባብ ይዘህ ወደ ማደሪያችን እንድትመጣ አይደለም። በአገራችን እፉኝትን ከሌላው ሳይለዩ የሚነኩ ሰዎች የሚያገኙትን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በቤታችን ጫጩት የምናሳድግ ብዙዎች ነን፤ በባዮሎጂ ክፍልም ለሙከራ አይጥ የሚጠብቁ ጓደኞች አሉን። የቬሴል ሙከራ ለአይጥ ጠባቂዎቹ በቀጥታ የተነገረ ነው። መድኃኒት የሚፈተንባት አይጥ የተኛችበት እንጨት ውጤቱን የሚለውጥ ከሆነ፥ ከአናጢ ቤት ዝም ብሎ የተሸከምነው ከረጢት የአንድ ዓመት ጥናት ሊያበላሽ ይችላል። ለጫጩትም ቢሆን ተዘግቶ በሚሞቅ ቤት ውስጥ የማይሸት፥ የደረቀና የማይቦን ጉዝጓዝ መምረጥ ከጥንቃቄ በቀር ሌላ ዋጋ አያስከፍልም።

አሁን የቀረውን ልናገር። የከረጢቱን ስም በሰማሁ ጊዜ ወዲያው ለአክስቴ ደወልሁ። «አክስቴ፥ ተሳስቻለሁ፤ እርስዎ እንዳሉት ጥድ ነው» ስላቸው ደስ አላቸው፤ «ስለዚህም ይጣል» ስላቸው ግን ዝም አሉ። ፍቅፋቂው በዚያኑ ሌሊት ወጥቶ ጋዜጣ ተነጠፈ። በማግሥቱ እባቡን ያየው የእንስሳት ሐኪም የሳንባ በሽታ መሆኑን ነግሯቸው መድኃኒት ሰጠው። ሐኪሙ ፍቅፋቂው ብቻ አመጣው አላለም፤ የሳጥኑ ሙቀትም ከሚገባው በታች ነበር አለ። «ነገር ግን በዚያ ላይ መቈየት አልነበረበትም» ማለቱን ልጁ ሲነግረኝ፥ በፍርዴ የተጨመሩት አራት ቀኖች ታሰቡኝ። ልጁ ስለነሱ ምንም አላለኝም። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እባቡ የመጀመሪያዋን አይጥ በላ። ዛሬ በአስፐን ላይ ይኖራል። እኔም ከዚያ ወዲህ በመዝገበ ቃላት የዛፍ ስም ባገኘሁ ቁጥር ዛፉን ለሚያውቅ ሰው ሳላሳይ አልጽፍም። የተረፈውን የሲደር ከረጢት አክስቴ አልጣሉትም። በጨርቅ ቋጥረው ከሱፍ ልብሳቸው ጋር በሣጥን አስቀመጡት። ብሉን ያባርርላቸዋል፤ ደብራቸው በናፈቃቸው ጊዜም ሣጥኑን ከፍተው ያሸቱታል፤ አሽትተውም ይዘጉታል።